ጎዳሬ የታቀፈው ማሽን

የሚሠራ ነገር አያሳምነኝም። በሽታ ነው ካላችሁኝ አልከራከርም፤ ስሙን ባውቀው ኖሮ እስካሁን መድኃኒቱን እጠይቅ ነበር። ሰው አንድ ዕቃ በሰላም ሲሠራ ሲያይ ደስ ይለዋል። እኔ «ይሄ ነገር የሚበላሸው እንዴት ይሆን?» እያልኩ እጨነቃለሁ። ጃንጥላ ስገዛ ባለሱቁን በጆግ ውኃ እንዲያመጣልኝ እለምናለሁ። ባለፈው ዓመት የፕሬዠር ድስታችን አንዱ ማስተንፈሻ ቢደፈን ሁለተኛው ይተካው እንደሆነ ለማወቅ ብዬ አንደኛውን በእጄ ደፈንኩት። አልተካውም። አደንጓሬው ኮርኒሱ ላይ ተለጠፈ። ልጆቼ ዛሬም ምሳ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚያዩት ወደ ላይ ነው።

ያ እንኳ በቤቴ ኮርኒስ አበቃ። ይህ የማወራችሁ ግን የሰው እንቁላል ያለበት ነው፤ ዛሬም ሳስበው ፊቴን የማደርግበት ይጠፋኛል።

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። ልጆቼን ትምህርት ቤት አድርሼ ስመለስ፣ የእነሱን ደብተር እያየሁ ቀናሁና ማታ ማታ ገባሁበት፤ ከገባሁም በኋላ አልወጣሁም። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ ጠባይ አለው፦ ያነበበውን በሙሉ ያምናል። በልጅነታቸው የተማሩት መጽሐፉን ለፈተና ያነቡትና ይረሱታል፤ እኛ ግን እንደ አደራ ዕቃ ነው የምንይዘው። አሁን ወላይታ ሶዶ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የቤተ ሙከራ ቴክኒሻን ነኝ። መሣሪያ አጸዳለሁ፣ እጠግናለሁ፣ ሲሠራም እጠረጥረዋለሁ። አንድም ተማሪ አስተምሬ አላውቅም፤ ሰፈሩ ግን «ቲቸር» ይለኛል። ብዙ ጊዜ አረምኳቸው፤ በመጨረሻ ደክሞኝ ተውኩት።

ከጎረቤቴ ከአማረች ጋር በአጥር ነው የምንለያየው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱን ብቻዋን ትገፋለች። በሴቶች ማኅበር በኩል አንድ የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን ደረሳት። ቁም ሳጥን ያህላል፤ በሩ መስታወት ነው፤ ውስጡ ትሪ በትሪ ላይ ተደርድሯል። ማሽኑ መጣ፣ እንቁላል ግን የለም። አማረች ዲምቱ ወርዳ ዶሮ የሚያረቡ ሴቶችን ለመነች፦ እናንተ እንቁላል አምጡ፣ እኔ ላስፈልፍል፣ ጫጩቱን እንካፈል። ከሴቶቹ ትልቋ እማማ ዘነበች ናቸው። መጥተው ማሽኑን ዞረው ዞረው አዩት።

«ዶሮዬ ብትታመም አያታለሁ» አሉ። «ይሄ ቁም ሳጥን ቢታመም በምን አውቃለሁ? አንድ ጊዜ እንሰጣለን። የመጀመሪያው ከተበላሸ ሁለተኛ አትምጪብን።»

አማረች ያን ዕለት ወደ እኔ መጣች። «ቲቸር» አለች፣ «አንቺ ደህናውን ዕቃ ማበላሸት ታውቂበታለሽ። እስኪ እንቁላሉ ሳይመጣ ይሄን አበላሽተሽ አሳዪኝ።»

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ግብዣ ደርሶኝ አያውቅም።

ነገሩን ላስረዳችሁ። ማሽኑ በመብራት ይሞቃል። መብራት ከሄደና ውስጡ መቀዝቀዝ ከጀመረ፣ ጎኑ ላይ የተለጠፈች ሲም ካርድ ያላት ትንሽ ሳጥን በራሷ ባትሪ ስልክ ትደውላለች። መጀመሪያ ለአማረች፣ ካላነሳች ለመርክነህ፣ እሱም ካላነሳ ለጋሽ ሽብሩ። መርክነህ የአማረች ባል ወንድም ነው፤ ባጃጅ ይነዳል። ጋሽ ሽብሩ ከኋላችን ያሉት የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ናቸው፤ አባታቸው ከጉራጌ መጥተው ሶዶ የከተሙ ናቸው፤ እሳቸው ግን ከወላይታ ሰው ይልቅ የሚያቃጥለውን ዳጣ የሚችሉ ሰው ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ስልኩን ሰምቶ ከመጣ፣ ጄኔሬተሩን ገመዱን ስቦ ያስነሣል፤ ማሽኑ ይሞቃል፤ አለቀ።

አለቀ ሲባል ነው እኔ የምጀምረው። በዚያ ሰሞን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ያዋሰኝ መጽሐፍ ነበር፤ ብዙ ክፍል ያለው ነገር እንዴት እንደሚፈተን ያስተምራል። የሚለው እንዲህ ነው፦ ሊበላሽ የሚችለውን ነገር ሁሉ በዓይነት በዓይነቱ ቀላቅለህ ልሞክር ብትል ዕድሜ አይበቃህም። ነገር ግን አብዛኛው ብልሽት ብቅ የሚለው ሁለት ነገሮች ሲገጣጠሙ ነው። ስለዚህ ጥቂት ሙከራ አዘጋጅ፤ ግን እያንዳንዱ ነገር ከእያንዳንዱ ጋር ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲገናኝ አድርገህ ደልድል። ሰርግ ቤት እንግዶችን በየተራ ቦታ እያለዋወጡ ሁሉንም ከሁሉም ጋር እንደማስተዋወቅ ነው፤ ለእያንዳንዱ ጥንድ ሰርግ መደገስ አያስፈልግም። ሦስት ነገር በአንድ ላይ መበላሸቱስ? እሱ አልፎ አልፎ ነው ይላል መጽሐፉ። እኔም አመንኩ።

በአሮጌ የግድግዳ ካላንደር ጀርባ ላይ ሠንጠረዥ አሰመርኩ። መብራት አለ፣ መብራት የለም። በሩ ተዘግቷል፣ በሩ ገርበብ ብሏል። አማረች አለች፣ አማረች የለችም። እንዲህ እያልኩ።

«ባዶውን ከሞከርነው ውጤቱ ውሸት ነው» አልኳት አማረችን። «ባዶ ማሽን ቶሎ ይቀዘቅዛል። እንቁላል የሚያህል፣ ውኃ ያለበት ነገር ያስፈልገናል።»

«እንቁላል የሚያህል» ብላ ጓዳ ገባችና በጆንያ ጎዳሬ ይዛ ወጣች።

ሌላ ሰው ቢሆን ያፈሰውን ይደረድር ነበር። እኔ ግን ጎዳሬውን አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ ትልልቁን አውጥቼ እንቁላል እንቁላል የሚያህለውን ብቻ መረጥኩ፤ ሹል ጫፉንም እንደ እንቁላል ወደ ታች አደረግሁ። ለጎዳሬ ሹል ጫፍ ምን እንደሚፈይድለት አሁን ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም። ሥራዬን ጨርሼ ቀና ስል አጥሩ ላይ የሴቶች ራስ ተሰልፏል። ገበያ ቀን ሲደርስ ወሬው ከተማውን ጨርሶ ሻንቶ ገብቷል፤ ቲቸር ጎዳሬ እያስፈለፈለች ነው። አንድ የተከበሩ ገበሬ መርክነህን ባጃጁን አስቁመው ማሽኑ ቦዬ ለሚባለው ሥራ ሥርም ይሆን እንደሆነ ጠይቀውታል።

«ምን አልካቸው?» አልኩት።

«ለቦዬ ሌላ ማሽን ነው፣ ገና አልመጣም አልኳቸው።»

«ለምን እውነቱን አልነገርካቸውም?»

«ቲቸር፣ እውነቱን እኔም አላወቅሁትም።»

ከማሽኑ ይልቅ ያስቸገሩኝ ሰዎቹ ናቸው። ማሽንን ተበላሽ ብለህ ብትነቅለው ይበላሻል፤ ሰውን ግን የለህም ብሎ ማሳመን ከባድ ነው። ጋሽ ሽብሩ የሚቀሩበት ቀን ሲደርስ ሱቃቸው ሄጄ «ዛሬ እርስዎ የሉም፤ ስልክ ቢጠራ እንዳያነሡ» አልኳቸው። እሺ አሉ። ሳጥኗ ደወለች። አነሡ። «የለሁም፤ የለህም ተብያለሁ» ብለው ዘጉ። ሙከራው ተበላሸ፣ ደገምነው። በሁለተኛው ስልኩን አላነሡም፤ ግን ሱቁን ዘግተው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ በእግራቸው መጥተው «ስልኬ ጮኾ ነበር፣ እንዳልሽው አላነሣሁም» ብለው ነገሩኝ።

መርክነህ ደግሞ መቅረቱ እውነት እንዲሆን ብሎ ሻንቶ ድረስ ሄደ። ከዚያ ሆኖ ቶሎ ቶሎ ይደውላል። «ቲቸር፣ መቅረቴ አበቃ ወይስ ልቅር ገና?» አማረች የምትቀርበት ዕለት እኔ ቤት ተቀምጣ በአጥር ቀዳዳ እያየች «በሩ ገርበብ ብሏል፣ አላየሽም?» እያለች ትጮኽብኛለች። «እኔ ነኝ የከፈትኩት» እላታለሁ። «ታዲያ ዝጊው።» «ሙከራው ነው።» «እሱንማ አውቃለሁ፣ ግን ዝጊው።»

ያም ሆነ ይህ ሠንጠረዡ ሞላ። ከሦስቱ ሁለት ሁለቱ በየተራ ቀሩ፤ ሁልጊዜ ሦስተኛው ደረሰ። ጎዳሬው አንድም ቀን አልቀዘቀዘም። በኋላ ቀቅለን በዳጣ በላነው። ጋሽ ሽብሩ እንዲህ ተመቻችቶ የኖረ ጎዳሬ በልተው አያውቁም።

የዲምቱ ሴቶች እንቁላሉን በጭድ አልብሰው ሲያመጡ፣ እኔ፣ በሰው ፊት ሦስት ቃል መናገር የሚከብደኝ ሴትዮ፣ ንግግር አደረግሁ። ንግግሬ ትዝ ሲለኝ አሁንም ጆሮዬ ይግላል። «እማማ፣ ይህ ማሽን የሚበላሽበትን መንገድ ሁሉ ፈልጌ ሞክሬዋለሁ። ሁለት ክፉ ነገር በአንድ ላይ ቢደርስበት እንኳ እንቁላልዎ ይተርፋል» አልኳቸው።

እማማ ዘነበች እንቁላሎቻቸው ላይ በከሰል ምልክት እያደረጉ ቀና ብለው አዩኝ። «ሎኦ» አሉ፤ መልካም ማለታቸው ነው። «እኔ ማሽን አላውቅም። አንቺን አምኜ ነው።»

የእሳቸውን እንቁላል ከሁሉ ይሻላል ባልኩት ትሪ ላይ አደረግሁላቸው፤ ታችኛው ላይ።

ጫጩቶቹ ሊወጡ ጥቂት ሲቀራቸው፣ አንድ ጠዋት የዕድራችን ጡሩምባ ተነፋ። የዕድሩ ዳኛ አባባ ዳና ዐረፉ። በሶዶ እንዲህ ያለ ሰው ሲሞት የሚቀር የለም። የታመመ ተደግፎ ይመጣል፤ የተጣላ ከተጣላው ጎን ይቀመጣል። እኔም ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሄድኩ። ስለ ማሽኑ ቅንጣት አላሰብኩም። ለምን አስባለሁ? ፈትኜዋለሁ። አማረች ብትሄድ መርክነህ አለ፤ መርክነህ ባይኖር ጋሽ ሽብሩ አሉ። እነሱም ሦስቱ ልክ እንዲሁ አስበው ኖሯል፤ እያንዳንዳቸው ሁለቱን ሌሎች ተማምነው።

ድንኳኑ በር ላይ ሰው ሁሉ ስልኩን አጠፋ። የዕድራችን ደንብ ነው፦ ለቅሶ ላይ ስልኩ የጮኸበት ሰው በስብሰባ ቆሞ ይቅርታ ይጠይቃል። ከዚያ ቅጣት ሞት ይሻላል የሚሉ አሉ።

ከሴቶቹ መካከል ተቀመጥኩ። ለቅሶ እወዳለሁ ብል ክፉ ይመስልብኛል፤ ግን ለዝምተኛ ሰው ምቹ ቦታ ነው፤ እንድትናገሪ የሚጠብቅሽ የለም። ጋሽ ሽብሩ የዕድሩ ጸሐፊ ስለሆኑ በድምፅ ማጉያ የሟችን የሕይወት ታሪክ ያነብባሉ። አባባ ዳና በጉብዝናቸው ምንጭ ያጎለበቱበት ላይ ሲደርሱ ድምፅ ማጉያው ጸጥ አለ።

«መብራት ሄደ» አልኩ በሹክሹክታ፣ ጎኔ ላለችው ሴት።

«መብራትማ ጠዋት ጡሩምባው ሲነፋ ነው የሄደው» አለችኝ። «ይሄ የዕድሩ ጄኔሬተር ነው። ቤንዚን ጨርሶ ይሆናል።»

ጠዋት። አሁን እኩለ ቀን አልፏል።

ቀና አልኩ። አማረች ሰፌድ ይዛ ንፍሮ ታድላለች። መርክነህ ድንኳኑ በር ላይ ሽማግሌ ደግፎ ያስቀምጣል። ጋሽ ሽብሩ ከፊት ቆመዋል፣ መነጽራቸውን ያስተካክላሉ። በሠንጠረዤ ላይ ሦስቱን በሦስት ዓምድ ለየብቻ ነበር የጻፍኳቸው፤ አንዱ መቅረቱ ከሌላው መቅረት ጋር ምንም ዝምድና እንደሌለው አድርጌ። እነሱ ግን የአንድ ዕድር ሰዎች ናቸው። አንድ ጡሩምባ ሦስቱንም፣ ስልካቸውንም፣ ፈታኟንም ጨምሮ አንድ ድንኳን ውስጥ አስቀመጠ። መጽሐፉ «አልፎ አልፎ» ያለው ነገር ሶዶ ውስጥ በየሳምንቱ ይሆናል። መጽሐፉን የጻፈው ሰው ዕድር የለውም።

ልነሣ ስል ጎኔ ያለችው ሴት ክንዴን ያዘችኝ። «አይዞሽ ቲቸር።»

«መሄድ አለብኝ» አልኩ።

«የት ትሄጃለሽ? ቻይው። ሁላችንም ነን ያጣናቸው።» ሌላዋ ከኋላ ወገቤን ያዘችኝ። ስታገል አጥብቀው ያዙኝ። ስለያዙኝም ዕንባዬ መጣ፤ ዕንባዬን ሲያዩ ሦስተኛዋ ሴት ተቀበለችኝና እንደ አዲስ ማልቀስ ጀመረች። «እንዲህ ትወዳቸው ነበር ለካ፤ ዝም ያለ ሰው አይታወቅም» አለች አንዷ። ከአባባ ዳና ጋር በሕይወቴ ከሰላምታ ያለፈ አላወራሁም።

ጋሽ ሽብሩ ያለ ማጉያ በራሳቸው ድምፅ ለመቀጠል ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ፣ ድንኳኑ ጭጭ አለ። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ያጠራቀምኩት ድምፅ በዚያች ሰዓት ወጣ።

«አማረች፣ እንቁላሉ።»

ድንኳኑ ሁሉ ዞረ። ሬሳው ቢዞር ኖሮ አይደንቀኝም ነበር። አማረች ሰፌዱን ቆማ እንደያዘች መርክነህን አየች፤ መርክነህ ጋሽ ሽብሩን አየ፤ ጋሽ ሽብሩ ወረቀታቸውን አጠፉና «ሟች ይቅር ይበሉን» ብለው ከመድረኩ ወረዱ። ሦስቱም ሲወጡ ነው ሴቶቹ የለቀቁኝ።

መንገድ ላይ አማረች ስልኳን ከፈተች። የሳጥኗ ሚስኮል እየተከታተለ ገባ። የመርክነህም። የጋሽ ሽብሩም። ምስኪን ሳጥን፣ የታዘዘችውን ፈጽማለች፤ ከሁላችን የማትወቀስ እሷ ብቻ ናት።

ስንሮጥ ያዩ ሌላ ሰው ሞተ ብለው ተከተሉን። አልቃሽ ሴቶች ከኋላችን ደረት እየመቱ፣ ከዲምቱ ለአባባ ዳና ለቅሶ የመጡት ባለ እንቁላሎችም አብረው፣ ከፊታቸው እማማ ዘነበች። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሰፈር ደርሶ የሞትኩት እኔ ነኝ ተብሏል። ልጄ እያለቀሰች ከበር ስትወጣ እኔ በፊቷ ሮጬ አለፍኩ። እስከ ዛሬ ይህን በደንብ አላስረዳኋትም።

የማሽኑ መስታወት ቀዝቅዞ ላብ ቋጥሯል። መርክነህ ጄኔሬተሩን ሳበው፤ አልተነሣም። ደገመው። ክዳኑን ከፍቶ አየ። ጄሪካኑን አነሣው፤ እንደ ባዶ ቆርቆሮ ተንኳኳ።

«ቤንዚኑን ማን ጨረሰው?» አሉ እማማ ዘነበች። ግቢው በሰው ሞልቷል፤ ለቅሶውም ቆሟል።

«እኔ» አልኩ። «ስፈትን።»

መርክነህ ባጃጁን አምጥቶ በጎማ ቱቦ ቤንዚን በአፉ ሲስብ፣ እኔ ሴቶቹን ልብስ ለመንኩ። ለማሽኑ ማሞቂያ ሌላ ነገር አልነበረም። ነጠላቸውን፣ ጋቢያቸውን፣ ጥቁር ሻላቸውን እየገፈፉ ጣሉለት። ጄኔሬተሩ ተነሥቶ ሲያጓራ ማሽኑ ከአናቱ እስከ እግሩ ከል ለብሶ ቆሟል፤ ዙሪያውን ሴቶች። ከመንገድ የገባ ሰው የማንን ሬሳ እንደከበብን ባይጠይቅ ይገርመኝ ነበር። ጠየቀም።

ከዚያ በኋላ በአማረች በር አላለፍኩም። በጋሽ ሽብሩ ሱቅ በኩል ላለማለፍ ዙሪያ ጥምጥም እየሄድኩ ሥራ አረፍድ ነበር። መጽሐፉን ለባለቤቱ መለስኩ። «ጠቀመሽ?» አለኝ። «በጣም» አልኩት፤ ሌላ ምን እላለሁ?

የሚፈለፈሉበት ቀን አማረች በአጥሩ ላይ ጠራችኝ። ሄድኩ። ላይኛዎቹ ትሪዎች ውስጥ ጫጩት ይንጫጫል፤ እርጥብ፣ ቀጭን፣ ግራ የገባው። ቅዝቃዜው የተኛበት ታችኛው ትሪ ዝም ብሏል። ከሰል ያለባቸው የእማማ ዘነበች እንቁላሎች እንደ ጎዳሬው ተደርድረዋል። አንድም አልተሰበረም።

እማማ ቆመው ያያሉ። «እማማ» አልኳቸው፣ «ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ነው» አሉ።

ከጫጩቶቹ አማረች የራሷን ድርሻ አንሥታ ለእሳቸው ሰጠች። እሳቸውም ተቀበሉ። እኔ የምሰጠው ጫጩት አልነበረኝም።

ቀጥሎ በነበረው የዕድር ስብሰባ አማረች ተነሣች። የዲምቱ ሴቶች እንደገና ሊያመጡ ይችላሉ፣ ግን አንድ ነገር ይፈልጋሉ፦ ለቅሶ በሆነ ጊዜ ማሽኑ ጋ የሚቀር ሰው። ብላቸው ብላቸው ሌላ አይሰሙም አለች። እማማ ዘነበችም እንግዳ ሆነው፣ አዲስ የእንቁላል ቅርጫት እግራቸው ሥር አድርገው ከኋላ ተቀምጠዋል፤ ቅርጫቱ ገና አልተከፈተም።

ቤቱ አቀረቀረ። ለቅሶ የሚቀር ሰው ማን ይሆናል? ዛሬ የቀረህበት ነገ ይቀርብሃል። ሁሉም ቀስ በቀስ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ደግሞ ቀድሜ አቀርቅሬ ነበር።

«እኔ እቀራለሁ» አልኩ።

ጋሽ ሽብሩ ጻፉት። ከዚህ በኋላ ለቅሶ ላይ ስም ሲጠራ እኔ ማሽን ጋ መሆኔ እንደ መገኘት ይቆጠራል ተባለ። ይሄው ነው የደረስኩበት ማዕረግ። ዕድሜዬን ሙሉ ያላጓደልኩት አንድ ነገር ለቅሶ መድረስ ነበር።

ነገሩ አልቆ ሰው ሊበተን ሲነሣ፣ ያ በሽታዬ ተነሣብኝ። ዝም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

«አንድ ያልታየ ነገር አለ» አልኩ። «የሞትኩት እኔ የሆንኩ ዕለትስ? ያኔ ሁላችሁም ድንኳን ውስጥ ናችሁ፤ ማሽኑ ጋ ማን ይቀራል?»

አማረች ዓይኗን ጨፈነች። «ቲቸር» አለች ቀስ ብላ፣ «እባክሽ ተቀመጪ።»

ጋሽ ሽብሩ ግን ጥያቄውን አልናቁትም። እስክሪብቶአቸውን ይዘው ብዙ አሰቡ። መርክነህን አዩ፣ አማረችን አዩ፣ ከእኔ ለቅሶ ሊቀር የሚችል ሰው ፈልገው ቤቱን በሙሉ ዞረው አዩ። አላገኙም።

«ያን ዕለት» አሉ በመጨረሻ፣ «መብራት እንዳይጠፋ እንጸልያለን።»

«አሜን» አሉ እማማ ዘነበች፣ የቅርጫቱን ጭድ እየገለጡ።